ይሄን ሞተር እንደ ሌላው ናፍጣ አትያዙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ እዚህ አሜሪካ አሮጌ የጭነት መኪና በርካሽ አግኝታችሁ ለምትገዙ ወገኖች አንድ ነገር ልበል። ኮፈኑ ስር ያለው የመኪና አምራቹ ጂኤም እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ ወጥቶ በወረደ ቁጥር የሚያቃጥል) ዲትሮይት 71 የናፍጣ ሞተር ከሆነ ጠባዩ ለብቻው ነው።

መጀመሪያ ዘይቱ። ሱቅ ሄዳችሁ ለሌላው ናፍጣ የተለመደውን 15ደብልዩ-40 አትግዙ፤ የሚፈልገው ሲኤፍ-2 የተባለውን፣ ለባለ ሁለት ምት ናፍጣ የወጣ የዘይት ደረጃ ያሟላ ነጠላ 40 (አንድ የውፍረት ቁጥር ብቻ ያለው) ዘይት ነው። ሻጮች ይሄን ለምን እንደማይናገሩ አይገባኝም። ዳገት ላይ ሲያቃስት ማርሽ ቀንሱለት፣ ይጩህ! ሌሊቱን ሙሉ ለሙቀት ብላችሁ በሚኒሞ ካቆያችሁት ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ ከዘይት ጋር ተደባልቆ በማርሚታው ጥቁር ሆኖ ይንጠባጠባል። ከጎኑ የምትወርደው ቀጭን ቱቦ ትንሽ ዘይት ጠብ ብታደርግ ደግሞ አፈሰሰ ብላችሁ እንዳትደፍኗት፣ የአየር ሳጥኑ (ሲሊንደሮቹን የከበበው የአየር ክፍል) የሚተነፍሰው በሷ ነው፤ ከተደፈነች ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩ እሱኑ እያቃጠለ ሊፈተለክ፣ ማለትም ከቁጥጥር ውጭ ፍጥነቱ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል።

ያኔ ናፍጣ መዝጋት አያቆመውም። የሚያቆመው ብሎወሩ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) ላይ ያለችው የአየር መዝጊያ ክዳን ናት፣ ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ግን ሽቦዋ ተፈቷል ወይ ዝጓል። ሳትገዙ በፊት በእጃችሁ ሞክሯት። ለዘወትር ማጥፊያ ግን አይደለችም፣ የብሎወሩን ጎሚኒ ትጎዳለች።

ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር