«ማሽኑ እኛ ጋ የለም» ላልከኝ

ዮኒዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት እንደፈቀደው ነው፣ ኮዬ ፈጬ ያው ኮዬ ፈጬ ነች። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ተሽሎታል። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። የጻፍኩልህ ስለ መመረቂያ ጽሑፍህ ነው።

ስልክ ላይ «እማዬ፣ ኳንተም ኮምፒውተር በሌለበት አገር ቁጭ ብሎ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር መጻፍ መሳቂያ መሆን ነው፤ ርዕሱን ልቀይር ነው» አልከኝ። ኔትወርኩ ተቆራርጦ መልሴን የሰማኸው አይመስለኝም። እንግዲህ በጽሑፍ ልድገመው፦ አትቀይር። እናት ስለሆንኩ አይዞህ እያልኩህ አይደለም። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። የላክህልኝን ጽሑፎች ከፈተና እርማት በተረፈችኝ ሰዓት ሁሉ አንብቤያቸዋለሁ። የሚሉት ደግሞ አንተ ካልከኝ ጋር አይገጥምም።

መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ እንስማማ። ጥያቄው ማሽኑ አይደለም፣ በማሽኑ ልታጠናው ያሰብከው ቁስ ነው፤ ሱፐርኮንዳክተሩ። በፈረንጆቹ 1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፍልህ) የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቤድኖርዝና ሙለር ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሴራሚክ አገኙ። መዳብና ኦክስጅን ያለበት፣ በ35 ኬልቪን አካባቢ (ከዜሮ በታች 238 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚባለው። በዓመቱ ኖቤል ተሸለሙ። ወዲያው በ1987 ደግሞ በ93 ኬልቪን የሚሠራ ተገኘ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ስለሆነ፣ ይህ ማለት ውዱን ሂሊየም ትቶ በርካሹ ማቀዝቀዝ ተቻለ ማለት ነው። ይኸው 40 ዓመት ገደማ ሆነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን ሁሉም የተስማማበት ማብራሪያ የለም። ቀድመው ለታወቁት ሱፐርኮንዳክተሮች፣ ለሜርኩሪና ለእርሳስ፣ የሠራው የ1957ቱ ንድፈ ሐሳብ እዚህ ላይ አልበቃም።

ያስቸገረው የኤሌክትሮኖቹ መገፋፋት ነው። እኔ ለ12ኛ ክፍል ስለ ብረቶች ሳስተምር ኤሌክትሮኖቹ ጭራሽ እንደማይተያዩ አድርጌ ነው። ለመዳብ ሽቦ ያስኬዳል። ለእነዚህኞቹ አያስኬድም። ማታ ማታ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣውን ሚኒባስ አስበው። ወንበሩ ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይዟል። ሰው ጭን ላይ ካልተቀመጥክ በቀር ቦታ መቀየር አትችልም፤ ስለዚህ ማንም አይነቃነቅም። በመማሪያ መጽሐፉ ስሌት ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የነበረበት ቁስ እንዲሁ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ጥቂት ተሳፋሪ ሲወርድ ግን የቀረው መሸጋሸግ ይጀምራል። ተመራማሪዎቹ ሴራሚኩ ውስጥ ካለው ላንታነም ጥቂቱን በባሪየም ወይም በስትሮንሺየም ሲተኩ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው፤ ጥቂት ኤሌክትሮን ያስወርዳሉ። ሱፐርኮንዳክተሩ ብቅ የሚለው ያኔ ነው።

የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሀባርድ በ1963 ነገሩን በሁለት ቁጥር አሳጠረው። አንዱ ኤሌክትሮን ወደ ጎረቤት አቶም ለመዝለል ያለው ዝንባሌ ነው። ሌላው ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ አቶም ላይ ሲገናኙ የሚያስከፍላቸው ጉልበት ነው። አለቀ። የሀባርድ ሞዴል የሚባለው ይኸው ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር አይሞላም። መፍታቱ ግን ጉድ ነው። እያንዳንዱ አቶም አራት ዓይነት ሁኔታ አለው፦ ባዶ፣ ስፒኑ (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይው) ወደ ላይ የሆነ ኤሌክትሮን ያለበት፣ ወደ ታች የሆነ ያለበት፣ ወይም ሁለቱም ያሉበት። 10 አቶም ብትወስድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሁኔታ ይመጣብሃል። አምስት በአምስት፣ ማለትም 25 አቶም ብትወስድ ደግሞ ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን በላይ። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በ1981 ባደረገው ንግግር ተፈጥሮ ራሷ ኳንተም ስለሆነች ማስያውም ኳንተም ይሁን ያለው ይህንን ዓይነት ችግር ይዞ ነው። አንተን የማረከህ ሐሳብ ይኼው አይደል? እኔንም ማርኮኛል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ጎግል በ2019 በ53 ኪውቢት (ኪውቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ ነች) ያደረገውን ታውቀዋለህ፤ 200 ሰከንድ ፈጀብኝ፣ ሱፐርኮምፒውተር 10,000 ዓመት ይፈጅበታል አለ። አይቢኤም ደግሞ የለም፣ ሁለት ቀን ተኩል ነው ብሎ መለሰ። እሱን እንለፈው፤ ስሌቱ ራሱ ለማንም የሚጠቅም አልነበረም።

እኔን ቀልቤን የሳበው የ2023ቱ ነው። አይቢኤም ኢግል በተባለው ባለ 127 ኪውቢት ማሽኑ የማግኔት ሞዴል አስልቶ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። ወሬው ምን እንደሚመስል ታስታውሳለህ፤ ቴሌግራሙ ሁሉ «ተራ ኮምፒውተር አበቃለት» ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ ከተለያየ አቅጣጫ መልስ መጣ። ኒው ዮርክ ያለው የፍላትአይረን ኢንስቲትዩት ሰዎች ያንኑ ችግር በተራ ኮምፒውተር ሠሩት፤ ያውም በበለጠ ጥራት። ላፕቶፕ የሚችለው ስሌት ሆኖ ተገኘ። ላፕቶፕ ነው ያልኩህ ዮኒ!

እንዴት አደረጉት? እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብልኝ። በጉልበት ከሆነ፣ ማለትም ሁኔታውን ሁሉ አንድ በአንድ ሜሞሪ ላይ በመያዝ፣ ያንተ ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ 28 ኪውቢት ላይ ያቃስታል፤ 28 ኪውቢት ብቻውን 4.3 ጊጋባይት ይበላል፣ 29 ደግሞ 8.6። ሜሞሪህን በእጥፍ ብታሳድገው የምታገኘው ጭማሪ አንድ ኪውቢት ነው። በዚህ አካሄድ 127 ላይ መቼም አትደርስም። እነሱ ግን ጉልበቱን ትተው ማሽኑን አዩት። እያንዳንዱ ኪውቢት የሚገናኘው ቢበዛ ከሦስት ጎረቤት ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ኪውቢቶቹ እርስ በርስ የሚጠላለፉት፣ ማለትም የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ጋር የሚተሳሰረው፣ በልክ ነው። ያንን ልክ ተጠቅሞ የማያስፈልገውን ሁሉ ጥሎ የሚያስፈልገውን ብቻ መያዝ ይቻላል። ቴንሰር ኔትወርክ የሚሉት ዘዴ ይኸው ነው። ማሽን ያላቸው ሰዎች የጻፉትን፣ ቁሱን በደንብ ያወቁ ሰዎች ፈተኑት።

ይሄ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ዲ-ዌቭ የተባለው የኳንተም ኮምፒውተር ኩባንያ መጋቢት 2025 ላይ ሳይንስ መጽሔት ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያውጅ ከዚያው ኢንስቲትዩት መልስ ተነሣበት፣ ክርክሩም ቀጠለ። ሀባርድ ሞዴልን ራሱን ተመልከት። በ2020 በጣም ቀላሉ የሞዴሉ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር እንደማይሆን ጠንካራ ማስረጃ ቀረበ። በ2024 ደግሞ ኤሌክትሮኑ በሰያፍ ወዳለው ጎረቤት እንዲዘል ሲፈቀድለት ሱፐርኮንዳክተርነቱ እንደሚመጣ ታየ። ሁለቱም የተሠሩት በተራ ኮምፒውተር ነው። አንድም ኪውቢት አልነካቸውም።

እንዲህ ስልህ ማሽኑን እያጣጣልኩ አይደለም፤ ያ ደግሞ ሌላ ስንፍና ነው። ጎግል በ2024 መጨረሻ ዊሎው በተባለው ባለ 105 ኪውቢት ቺፑ ያሳየው ነገር የምር ነው። ስሕተት የሚያርሙትን ኪውቢቶች ከ3 በ3 ወደ 5 በ5፣ ከዚያም ወደ 7 በ7 ሲያሰፋቸው ስሕተቱ በየደረጃው ከግማሽ በታች ወረደ። ኪውቢት ሲበዛ ስሕተትም ይበዛል የሚለው የድሮ ፍርሃት እዚያ ላይ ተሰበረ። ደግሞም ቁሱን ቀስቅሰህ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ ልከታተል ካልክ ጥልፍልፉ ከሰዓት ሰዓት እያደገ ይሄዳል። ቴንሰር ኔትወርክህ እሱ ላይ ያልቅበታል። ማሽኑ መጨረሻ ላይ የሚረታው በዚህ በኩል ነው ባይ ነኝ። እስከዚያ ግን ድንበሩ የት እንዳለ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። የሚለካው ሰው ደግሞ የግድ ማሽኑ ጎን መቆም አያስፈልገውም።

የ2025ቱን የፊዚክስ ኖቤል ልብ በልልኝ። ክላርክ፣ ዴቮሬ እና ማርቲኒስ የተሸለሙት በ1980ዎቹ አጋማሽ በርክሌይ ውስጥ በሠሩት ሙከራ ነው። በእጅ የሚያዝ የሱፐርኮንዳክተር ሰርኪዩት የኳንተም ሕግ እንደሚታዘዝ አሳዩ። የዛሬዎቹ የጎግልና የአይቢኤም ኪውቢቶች የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው። እና ማርቲኒስ ያኔ ምን ነበር? ያው እንዳንተ ተማሪ፤ የዶክትሬት ጽሑፉን እየሠራ ነበር።

ስለዚህ ርዕሱን ከምትቀይር አጥብበው። «ኳንተም ኮምፒውተርና ሱፐርኮንዳክተር» ብሎ ርዕስ እውነትም መሳቂያ ነው፤ እኔም ብሆን እጥለዋለሁ። አንዲት ትንሽ የሀባርድ ሰንሰለት ያዝ፣ ቀስቅሳት፣ ጥልፍልፉ ላፕቶፕህን መቼ እንደሚያሸንፈው ለካ። አይቴንሰር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፣ የዚያው የኒው ዮርኩ ኢንስቲትዩት ሰዎች ናቸው የሚያዘጋጁት። ጽሑፎቹ አርካይቭ የተባለው የጥናት ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ክፍት ናቸው። እውነተኛ ማሽን ካማረህ አይቢኤም በኢንተርኔት በወር ለጥቂት ደቂቃ በነፃ ያስነካል፤ መብራት እንዳይሄድብህ ብቻ ጸልይ። ለአማካሪህ ይህንን በአንድ ገጽ ጻፍለት። እሱ እንቢ ካለ ያኔ እንነጋገራለን።

አንድ የቀረ ነገር። ደመወዝ ስለደረሰ ሜሞሪ ልገዛልህ መገናኛ ሄጄ ነበር። ለአንድ ኪውቢት ብር ማውጣት ሞኝነት ነው እንዳትለኝ፤ ለቴንሰሮቹ ይጠቅማል። ባለሱቁ ዲዲአር 3 ነው ዲዲአር 4 ብሎ ጠየቀኝ። ጀርባውን ከፍተህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ እሑድ ጅማ የሚመጣ ሰው አለ፣ በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። በሶውንም አብሬ አደርገዋለሁ።

እናትህ