አንቺ ስትደርሺ መዝሙሩ ተጀምሯል

ውድ ልጄ፣

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ሰንብቷል። «አባዬ፣ ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ስዘምር ምንም አይሰማኝም። አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ማስመሰል ደከመኝ» አልሽ። ዝም ስልሽ ጊዜ ደግሞ፣ ወሬውን ለማቅለል ብለሽ መሰለኝ፣ «ለመሆኑ ሰማይ ማለት ዘላለም መዘመር ከሆነ አይሰለችም እንዴ?» ብለሽ ሳቅሽ። ሁለተኛውን እንደ ቀልድ ጣል አደረግሽው እንጂ ለእኔ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ናቸው። በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ስለ ስሜትሽ ብዙ አልልም። ስሜት ይመጣል፣ ይሄዳል። በደንብ ያልተኛሽ ቀን ይጠፋል፣ የምትወጂው ዜማ ሲጀመር ይመለሳል። መጣ ወይስ ቀረ እያልሽ ስትጠብቂው ከዋልሽ፣ ስለ ራስሽ ብቻ እያሰብሽ ነው የዋልሽው። ይልቅ ዮሐንስ ያየውን ዙፋን አብረን እንየው። ራእይ ምዕራፍ 4ን ግለጪ።

ቆይ፣ ከምዕራፍ 3 መጨረሻ ጀምሪ። የምዕራፍ ቁጥሮቹን ዮሐንስ አልጻፋቸውም፤ ዛሬ የምንጠቀምበት አከፋፈል የመጣው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እሱ ሲጽፍ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተላከው መልእክት እንዳበቃ ወዲያው ሰማይ ይከፈታል። ሎዶቅያን ታውቂያታለሽ። ትኩስም በራድም ያልሆነችው፣ ለብ ያለችው ናት። መልእክት ከተላከላቸው ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንድ መልካም ነገር እንኳ ያልተባለላት እሷ ናት። ግን ጌታ «በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» ያለው ለማን ነው? ለእሷ። ድል የነሣውን ከእኔ ጋር በዙፋኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ ያለውስ? አሁንም ለእሷ። ጆሮ ያለው ይስማ ይባልና፣ ቀጥሎ የምናየው በሰማይ የተከፈተ ደጅ ነው።

ልቡ ለብ ያለበት ሰው ከዙፋኑ ራእይ በጣም ሩቅ ነው ብለሽ አስበሽ ከሆነ፣ ዮሐንስ እንደዚያ አልጻፈውም። ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። አንቺ ደግሞ በአንድ ነገር ከሎዶቅያ ሰዎች ትሻያለሽ። እነሱ ሞልቶልናል ባዮች ነበሩ። አንቺ እንደጎደለብሽ አውቀሻል።

ዮሐንስ ይህን ያየው ተመችቶት አይደለም። ስለ እግዚአብሔር ቃልና ስለ ኢየሱስ ምስክር ፍጥሞ በምትባል ደሴት ነበር። የሚጽፍላቸው ሰዎችም ጭንቅ ላይ ናቸው። በጴርጋሞን አንቲጳስ የሚባል ታማኝ ምስክር ተገድሏል። ጴርጋሞን ገና በ29 ቅ.ል.ክ. ለሮምና ለአውግስጦስ ቄሣር ቤተ መቅደስ እንድትሠራ የተፈቀደላት ከተማ ናት። ራእዩ ደግሞ «የሰይጣን ዙፋን ባለበት» ይላታል። ለእነዚህ ሰዎች ዙፋን የተረት ነገር አልነበረም። ማን እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚሞት፣ ለማን እንደሚሰገድ የሚወሰነው እዚያ ነው። ዮሐንስ በተከፈተው ደጅ አልፎ መጀመሪያ ያየው ግን ሌላ ዙፋን ነው። «በዙፋኑም ላይ ተቀማጭ ነበረ» ይላል።

የተቀመጠውን መልክ አልነገረንም። ኢያስጲድና ሰርዲኖን የሚባሉ የከበሩ ድንጋዮችን ቀለም ይጠቅሳል፣ መረግድ የሚመስል ቀስተ ደመና ይጨምራል፣ ያበቃል። ሌላውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ከዙፋኑ እየለካ ነው። በዙፋኑ ዙሪያ 24 ሽማግሌዎች። ከዙፋኑ መብረቅና ነጎድጓድ። በዙፋኑ ፊት ሰባት የእሳት መብራቶች፣ የብርጭቆ ባሕር የሚመስልም። በዙፋኑ መካከልና ዙሪያ አራቱ ሕያዋን ፍጥረታት፤ አንበሳ፣ ጥጃ፣ ሰው፣ የሚበር ንስር የሚመስሉ። በአንድ አጭር ምዕራፍ ውስጥ ዙፋኑ ከአሥር ጊዜ በላይ ይነሣል።

ደግሞ ይህን አስተውዪ። ዮሐንስ ሲደርስ እየተዘመረ ነው። አራቱ ፍጥረታት «ቅዱስ፥ ቅዱስ፥ ቅዱስ» እያሉ ቀንና ሌሊት አያርፉም። ልብህ ዝግጁ ነው ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። የልምምድ ቀን አርፍደሽ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ? ቦታሽን ፈልገሽ፣ የደረሱበትን መስመር ይዘሽ ትገቢያለሽ። መዝሙሩ በአንቺ አልተጀመረም፣ ብትቀሪም አይቆምም። አምልኮን እንደዚያ ነው የማየው። እሑድ ጠዋት ከባዶ የምትቀሰቅሺው ነገር አይደለም። የድካምሽ ግማሹ፣ እኔ ካላሞቅኩት አይሞቅም ከማለት የመጣ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ አምልኮ የሚመሩ ሰዎች «ዛሬ ሰማይን እናናውጣለን» ሲሉ ትንሽ ቅር ይለኛል። ሰማይን የሚያናውጡ አሉ። ኢሳይያስ 6 ላይ ሱራፌል ሲጮኹ የመድረኩ መሠረት ተናወጠ ይላል፤ የተናወጠው ግን የምድር መዝሙር አናውጦት አይደለም።

ኢሳይያስን ካነሣሁ ትንሽ እዚያ ልቆይ፤ ያንቺ ነገር በደንብ ያለው እዚያ ነው። «ንጉሡ ዖዝያን በሞተበት ዓመት» ብሎ ይጀምራል። ዖዝያን 52 ዓመት ነግሦ ነበር። በዕድሜው ሌላ ንጉሥ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። መጨረሻው ግን አላማረም። ልቡ ታበየና ያልተሰጠውን የዕጣን ሥራ ልሥራ ብሎ ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተቃወመው። ንጉሡ ሲቆጣ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት፣ እስኪሞትም ድረስ ተለይቶ ተቀመጠ። እሱ በሞተበት ዓመት ነው እንግዲህ ኢሳይያስ ከፍ ባለ ዙፋን የተቀመጠውን ጌታ ያየው። የልብሱ ዘርፍ ብቻውን መቅደሱን ሞልቶታል። ሱራፌል በሁለት ክንፍ ፊታቸውን፣ በሁለት እግራቸውን ሸፍነው፣ በሁለት ይበራሉ።

ኢሳይያስ መዝሙሩን ሰማ። አብሮ ግን አልዘመረም። አልቻለም። «ወዮልኝ» አለ። ምን ሆንክ ቢባል፣ ከንፈሬ ነው አለ። እጄ ወይ ዓይኔ አላለም፤ ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝ አለ። ሥራው በአፉ የሆነ ሰው ነው፣ ነቢይ ነው። የሱራፌልን መዝሙር ሲሰማ የራሱ አፍ አሳፈረው። ኋላም በዚሁ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 29 ላይ፣ ሕዝቡ በከንፈሩ ያከብረኛል ልቡ ግን ከእኔ የራቀ ነው የሚለውን የእግዚአብሔር ቃል ያመጣው እሱው ነው። አንቺ በስልክ ያልሽኝ ቃል በቃል ይኸው እኮ ነው። አዲስ በሽታ አይደለም የያዘሽ።

ከዚያ ከሱራፌል አንዱ ወደ እሱ በረረ። በእጁ ፍም አለ፣ ከመሠዊያው በጉጠት የወሰደው። እስኪ ይህን ጠጋ ብለሽ እዪው። ሱራፊ ነው፣ በዙፋኑ አጠገብ የሚኖር። ፍሙን ግን በባዶ እጁ አላነሣውም። ጉጠት አመጣ። ያንን ፍም ነው እንግዲህ ሰው ከንፈር ላይ ያስነካው፣ ስስ ቆዳ ላይ። ኢሳይያስ ጮኸ አይልም። ተቃጠለ አይልም። በደልህ ተወገደ፣ ኃጢአትህም ተሰረየ ተባለ። ኢሳይያስ ተነሥቶ ወደ መሠዊያው አልሄደም፤ ፍሙ ነው ወደ እሱ የመጣው። ከንፈሩን አጥቦ እንዲመለስ አልተላከም። ያው የረከሰው አፍ ትንሽ ቆይቶ «እነሆኝ፥ እኔን ላከኝ» ብሎ ተናገረ።

ስለዚህ ማስመሰል ከደከመሽ ተዪው። ከመዝሙሩ በፊት «ጌታ ሆይ፣ አፌና ልቤ ተለያይተውብኛል» በዪ። ኢሳይያስ ያለው ከዚህ አይርቅም፣ ያለውም በዙፋኑ ፊት ነው።

ወደ ዮሐንስ ልመለስ። ምዕራፍ 5 ላይ በሰባት ማኅተም የታተመ መጽሐፍ አለ፣ የሚከፍተው ግን ጠፋ። ዮሐንስም እጅግ አለቀስኩ ይላል። እዚያ፣ በሰማይ፣ መዝሙሩ ባለበት፣ ያለቀሰ ሰው አለ። ማንም አልገሠጸውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አታልቅስ፣ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሥቷል አለው። ዮሐንስ ሲያይ ግን አንበሳ የለም። የታረደ የሚመስል በግ ቆሟል። ይህንን ስንት ጊዜ አንብቤው አሁንም ይገርመኛል። መብረቅና ነጎድጓድ በሚወጣበት ዙፋን መካከል የመታረድ ምልክት አለ። «አዲስ ቅኔ» የተባለውም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ የሚመሰገነው ሁሉን ስለፈጠረ ነው፤ አሁን ደግሞ ታርደሃልና፣ ከነገድ ሁሉ በደምህ ዋጅተሃልና ይሉታል።

ሽማግሌዎቹ በእጃቸው በገናና ዕጣን የሞላበት የወርቅ ዕቃ ይዘዋል። ዕጣኑ የቅዱሳን ጸሎት ነው ይላል። ተመርጦ ነው አይልም። በእንባ የተጸለየውም፣ እያዛጉ የተጸለየውም አንድ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የሚዘመረውንም እዪው። በሁለቱ ምዕራፎች ካሉት መዝሙሮች አንዱም «እኔ» አይልም። ሁሉም «አንተ» ወይም «እርሱ» ነው። «እኔ» ማለት ነውር ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ዳዊት «እኔ» ያላለበትን መዝሙር ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። ግን ሙሉ ጠዋት ስለ ድሌ፣ ስለ ከፍታዬ፣ ስለ ጠላቶቼ ሲዘመር ከዋለ ልብ ቢደክም አይገርመኝም። ያንቺም ድካም አንዱ ምክንያት ይህ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ቀልድሽ። አይሰለችም ወይ? አራቱ ፍጥረታት ከፊትም ከኋላም፣ በውስጥም በዙሪያም ዓይን ሞልቶባቸዋል። ሲያዩ ነው የሚኖሩት። «ቅዱስ» የሚሉት ግጥም አጥሯቸው ሳይሆን እያዩ ስለሆነ ነው፣ የሚያዩትም አያልቅም። መዝሙሩም ባለበት አይቆምም። በአራቱ ይጀምራል፣ 24ቱ ይገቡበታል፣ ከዚያ እልፍ ጊዜ እልፍ መላእክት፣ መጨረሻ በሰማይና በምድር፣ ከምድርም በታች፣ በባሕርም ያለ ፍጥረት ሁሉ። ደግሞ ሰማይ ሁሉ መዝሙር አይደለም። ምዕራፍ 8 ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝምታ ሆነ ይላል። በመጨረሻው ምዕራፍ ከዙፋኑ የሕይወት ውኃ ወንዝ ይወጣል፣ ዛፉ በየወሩ ያፈራል፣ ፊቱን ያያሉ፣ ይነግሣሉም። ሥራ ሳይኖር አይቀርም።

አንድ የታሪክ ነገር ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ፣ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜን ገዢ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ስለ ክርስቲያኖች ደብዳቤ ጻፈ። በክርስትናቸው የጸኑትን ያስገድል ነበር። አይደለንም ያሉትን ለቄሣር ምስል ዕጣንና ወይን ያስቀርባቸዋል። ከእነሱ የሰማውን ሲጽፍ፣ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምሩ ነበር አለ። እስኪ አስቢው፣ በዚያ ጨለማ የተነሡት ሁሉ ልባቸው ሞቆ ነበር? እንቅልፍ ያልለቀቀው አይጠፋም። የፈራም አለ። ማን ዙፋን ላይ እንዳለ ግን ያውቁ ነበር፣ ለዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ከመዘምራኑ ልውጣ ወይ ብለሽኛል። ጥቂት ጊዜ ከመድረክ ወርደሽ ከሕዝቡ ጋር ብትቆሚ ምንም ነውር የለውም። ለመሪሽ በግልጽ ንገሪያት፣ ሰበብ አትፈልጊ። ሽማግሌዎቹም ዙፋንና የወርቅ አክሊል ተሰጥቷቸው ሲያበቃ፣ ወርደው ወድቀው አክሊላቸውን በዙፋኑ ፊት ይጥላሉ። ከጉባኤው መቅረቱን ግን አልደግፍም። ቤት ቁጭ ብለሽ ልቤ እስኪሞቅ ልጠብቅ ካልሽ፣ እኔን ካየሽኝ፣ ብዙ ትጠብቂያለሽ።

እስከዚያ ምዕራፍ 4ንና 5ን ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢያቸው፤ ሁለቱ ተደምረው 25 ቁጥር ናቸው። መጨረሻው ላይ ፍጥረት ሁሉ ዘምሮ ሲያበቃ አራቱ «አሜን» ብቻ ይላሉ። ያን ሁሉ ሲሉ የነበሩት ለምን በአንድ ቃል እንዳበቁ የራሴ ግምት አለኝ። ግን ያንቺን ልስማ መጀመሪያ። ሐሙስ ማታ ደውዪልኝ፣ እናትሽም ልታወራሽ ትፈልጋለች።

አባትሽ