ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦ ትምህርቱን አትተው

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችሁ በቋሚ ተሰላፊነት መመረጥህን ከራስህ ሰምተን ደስ ብሎን ነበር፤ ሁለት ትምህርት ማቋረጥህን ግን የሰማነው ከአክስትህ ልጅ ነው። ክብደት ማንሻው ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት እንድታሳልፍና ሰውነትህን 300 ፓውንድ እንድታደርስ ተብሎ ነው አሉ። ተጫወት፤ ትምህርቱን ግን አትተው።

ልጅ ሳለህ፣ መስቀል ባለፈ ሰሞን የሚኒያፖሊስን ማራቶን ልናይ ስንወጣ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለሯጮቹ ትልቅ የናስ ጥሩምባ የሚነፋውን ረጅም ሰው ታስታውሳለህ? አለን ፔጅ ይባላል። አንተ ዛሬ በምትቆምበት ቦታ፣ በመከላከያው መስመር መሐል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ በአገሪቱ ዋና የፉትቦል ሊግ ለ15 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። በ1971 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሲባል ከተከላካዮች ወገን ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ኳሱ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ ተስፈንጥሮ፣ የሚከለክሉት ሰዎች በቅጡ ሳይዙት ኳሱን ወርዋሪው ኳርተርባክ ላይ ይደርስ ነበር ይባላል። ከሚኒሶታው ቡድን ከቫይኪንግስ ጋር አራት ጊዜ ለሊጉ ዋንጫ ጨዋታ፣ ለሱፐር ቦውል፣ ደርሶ አራቱንም ተሸንፏል፤ የሥራ ባልደረቦቼ ያን ጉዳይ ሲያነሡ ዛሬም ፊታቸው ይጠቁራል። አሁን ጨዋታው ተለውጧል፣ ስለ ክብደትም አሰልጣኝህ ከእኔ ይልቅ ያውቃልና በዚያ አልከራከርም።

የምከራከረው ስለ ቀሪው ነው። ፔጅ ገና እየተጫወተ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1978 ተመረቀ። በዚያው ዓመት፣ ረጅም ሩጫ ስለ ጀመረ ክብደቱ ቀንሷል ተብሎ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የተጫወተለት ቡድን በውድድሩ መካከል አሰናበተው። ሌላው ቡድን፣ ቺካጎ ቤርስ፣ ወስዶት እስከ 1981 ተጫወተ፤ በ1992 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ሲመረጥ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ፤ 70 ዓመት ሞልቶት በ2015 ጡረታ እስኪወጣም ፈረደ። ጨዋታው የተወለት ትንሽ ጣቱ እስከ ዛሬ ወደ ጎን እንደ ታጠፈች ናት። እንግዲህ ልብ በል፤ የሊጉ ምርጥ የተባለውን ሰው እንኳ መዝነው ሸኝተውታል፤ አንተን ለማቆየት ማን ቃል ገባልህ? አትተው ብያለሁ።

ተቆጥቼ እንዳይመስልህ። የመጀመሪያ ጨዋታህን በቴሌቪዥን ስናይ፣ እናትህ በወደቅህ ቁጥር «እመብርሃን!» እያለች ጎረቤቱን አስነሥታለች፤ እኔም ዝም ያልሁት ድምፄ እንዳይሰበር ነው።

ነገ ጠዋት ከልምምድ በፊት ወደ ትምህርት አማካሪህ ሂድና ሁለቱን ትምህርቶች መልሰህ መመዝገብ ትችል እንደሆነ ጠይቅ። ጊዜው ካለፈ ለበጋው ተመዝገብ፤ ክፍያውን እኛ እንችላለን። ብትጎዳ ነፃ የትምህርት ዕድልህ ምን እንደሚሆንም በጽሑፍ እንዲሰጡህ አድርግ፤ በቃል የነገሩህን አትቀበል። ጉልበትህ ካበጠ በረዶ አድርገህበት ዝም አትበል፤ ለሐኪሙ አሳይ። እናትህ በሶና ቋንጣ ልካለችና ለክፍል ጓደኞችህ ሁሉንም አትበትን። የመኪናው ዘይት መቀየሪያ ጊዜ አልፏል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ ከሁሉ አስቀድመህ አማካሪህ ያለህን ንገረኝ።

አባትህ