ተበዳዩን ልጅ አታዛውሩብን

ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ የ6ኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ልጄ ሲናገር ይንተባተባል። ጥቂት የክፍሉ ልጆች አነጋገሩን እያስመሰሉ ይፎግሩታል። አንዱማ ድምፁን በስልክ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ልጄ አሁን መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም።

ድሬ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ወሬ ይደባለቃሉ። በአነጋገሩ የሚሳቅበት ሰው አይቼ አላደግኩም። ለዚህ ይሆናል ነገሩ ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ተናገርኩ። መልሱ «ልጁን ወደ ሌላ ሴክሽን እናዛውርልሽ» ሆነ። ዩኒት ሊደሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩን ቶሎ ማብረድ ፈልገው ነው። ግን ልጄ ምን አጠፋ? ሲዛወር ያለውን አንድ ጓደኛ ያጣል። የፎገሩት ደግሞ ሌላ ልጅ ይፈልጋሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። ይህ ዝውውር ለማን ታስቦ ነው?

ግረፉልኝ ማለቴም አይደለም። ሰልፍ ላይ የተገረፈ ልጅ ቂሙን ከትምህርት ቤት ውጭ ይወጣል። ከበሩ እስከ ደቻቱ ድልድይ ድረስ መምህር የለም።

የምለምንዎ ይህን ነው። በየትምህርት ቤቱ ልጆች ሄደው የሚነግሩት አንድ የታወቀ መምህር ይመደብ። የተነገረው በጽሑፍ ይያዝ። የሁለቱም ወገን ወላጆች በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት (ወተመህ) በኩል ይጠሩ፤ የበደለው ልጅ ወላጅም ይስማ። የተቀረጸው ድምፅ ከቴሌግራም ይጥፋ። መምህራንም የሚንተባተብን ልጅ አያቻኩሉት፣ ቃሉንም አይጨርሱለት፤ ሲቸኩል ይብስበታል።

ዳር ቆመው የሚያዩትንም አይርሱ። በካናዳ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተደረገ ጥናት፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ እንደሚቆም አሳይቷል። «ተው፣ ጓደኛዬ ነው» ማለትን ልጆች በሚኒ ሚዲያ ይስሙት፤ መምህራንም ያለማምዷቸው።

ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይህ በደብዳቤ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ይድረስልን። የዝውውሩን ወረቀት አልፈረምኩም። መልስዎን እጠብቃለሁ።

አንዲት የድሬዳዋ እናት