ግንቡን አያፍርሱት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? የእማዬ ሳል ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ቤቱን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ እንዳሰቡ ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። በስልክ ብነግርዎ «ይሁን፣ ይሁን» ብለው ይዘጉብኛል ብዬ ነው መጻፌ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ግንቡን አይንኩት። ያጠራቀሙት ገንዘብ ለኮርኒስ ይዋል።

እዚህ ልደታ፣ ሰው ሁሉ ሕንፃ ኮሌጅ በሚለው ግቢ፣ ምን እንደምማር ጎረቤት ሲጠይቅዎ «ፎቅ መሥራት» ይላሉ አሉ። ፎቁም አለበት። ዘንድሮ የያዝኩት ግን የመኖሪያ ቤት ነው፤ ሙቀት በየት ገብቶ በየት እንደሚያመልጥ፣ ቤት ብዙ ማገዶ ሳይፈጅ እንዴት እንደሚሞቅ። ጀርመኖች ዳርምሽታት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 የሠሩትን ቤት ተምረናል። ከዚያ ወዲህ በወጣው መለኪያ እንዲህ ያለ ቤት ለማሞቂያ የሚፈጀው ኃይል ለአንድ ካሬ ሜትር በዓመት ከ15 ኪሎዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም። በረዶ በሚጥልበት አገር ይህ ከምንም አይቆጠርም። ያን ያህል የቆጠቡት ግድግዳና ጣራውን በወፍራም ልባስ ሸፍነው፣ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ ሁሉ ደፍነው ነው።

ያን ቤት እንዳለ አምጥተን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ እንትከለው አልልም። የእነሱ ብርድ ወራት ሙሉ ሳይለቅ ይከርማል፤ የመንዝ ብርድ የሌሊት ነው። በኅዳር ሌሊቱን ውርጭ አዝመራውን ሲመታ ያድርና ረፋድ ላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ፀሐይ በየቀኑ ለሚመጣለት አገር የሚያስፈልገው ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት አቆይቶ ሌሊት የሚሰጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አለን። የእኛ ግንብ ውፍረቱ ከክንድ ይበልጣል። ከውጪ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ለማድረስ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጅበታል። የቀትሩን ሙቀት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው መደቡ አጠገብ የሚለቀው። መሐሉ ክፍት የሆነ ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ይህን ያህል አይቆይም፤ ከመሸ ብዙም ሳይቆይ ያለውን ይጨርሳል። ሲሚንቶውን እስከ መንዝ ለማስጫን የሚከፍሉት ሲጨመርበት፣ ገንዘብ ከፍሎ ብርድ መግዛት ነው።

«ታዲያ ቤቱ ለምን በረደ?» ይሉኛል። ልክ ነዎት፣ በርዷል። ግን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ያስታውሱ፤ ጣራው የጓሳ ሣር ክዳኑ ተነሥቶ ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። በደንብ የተከደነ የጓሳ ጣራ ሙቀት በማገድ ባዶ ቆርቆሮን ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። አባቶች ጓሳ የሚበቅልበትን ሜዳ ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓታቸው ከልለው ያለ ጊዜው ሣር ያጨደበትን መቅጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ግን አልልዎትም፤ ጓሳው እንደልብ አይገኝም፣ እሳቱ ያሰጋል፣ በየጊዜው ማደሱም ለእርስዎ ጉልበት አይሆንም። ቆርቆሮው ይቆይ። ሁለተኛው ምክንያት ከብቶቹ ናቸው። አንዲት የአገራችን ላም የአራት አምስት ሰው ያህል ሙቀት ትሰጣለች፤ ጋጡ ወደ ውጪ ሲወጣ ያ ሁሉ አብሮ ወጣ። ቁንጫውና ሽታው በመውጣቱ ግን ደስ ብሎኛል፤ እማዬም የምትቆጭ አይመስለኝም።

ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ ያውቁታል፤ ዝናብ ነው ተብሎ ምስማሩ ሁሉ በሬንጅ ተደፍኗል። ዝናብ ቢሆን በኅዳር ባልመጣ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጪው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የሰው ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ወጥቶ ሲነካው ውኃ ይሆንና ብርድ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ሬንጅ ይህን አያቆመውም።

የሚያቆመው ኮርኒስ ነው፤ ከኮርኒሱም በላይ የሚነሰነስ የበግ ፀጉር። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላመጣሁትም። ከጓደኞቼ ጋር ሁለት የጣውላ ሳጥን ሠርተን በየውስጣቸው እኩል አምፖል አበራን። አንዱን በቆርቆሮ ብቻ ከደንነው፤ በሌላው ቆርቆሮ ሥር አራት ጣት የሚሆን ከቤት ያመጣሁትን ፀጉር አለበስን። አምፖሎቹን ስናጠፋ ባለ ቆርቆሮው ወዲያው ቀዘቀዘ፤ የፀጉሩን ግን ክዳኑን ገልጬ እጄን ስሰድ ገና ለብ ያለ ነበር። ልጆቹ በሽታው ቢስቁብኝም ውጤቱን ሲያዩ ዝም አሉ። ሙቀት የሚያግደው በፀጉሩ መሐል ታስሮ የሚቀረው አየር ነው። ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና ለምን እንደሚሞቅ ደግሞ እርስዎን አላስተምርዎትም።

ስለዚህ ዘንድሮ በጎቹ ሲሸለቱ ፀጉሩን ለነጋዴ አይስጡብኝ። በሳሙና በደንብ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ከነቅባቱና ከነቆሻሻው ከገባ ብል ይጨርሰዋል። ታጥቦም ቢሆን ብሉን በየጊዜው ማየት አይቀርም። ለኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ አይወጠር፤ ክብደቱን አይችልም፣ አይጥም ይቀደዋል። ኮምፔንሳቶ ከደብረ ብርሃን ይምጣ። ከፀጉሩ በላይ እስከ ቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይቅርና በጣራው ጫፍና ጫፍ አየር ይመላለስበት፤ እርጥበቱ መውጫ ካጣ ፀጉሩም እንጨቱም ይበሰብሳል።

አሁን የምጽፈውን እህቴ ሁለቴ ታንብበው። ኮርኒስ የገባበት ቤት እንደ ድሮው ጢስ አያሳልፍም። ድሮ በጣራው ሥር የሚወጣው ሁሉ ውስጥ ይቀራል። እሳት እዚያ ቤት አይነድ፤ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትማ ፈጽሞ አይታሰብ። የከሰል ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ከኮርኒሱ በፊት ማድ ቤቱ ለብቻው ይሠራ፤ ምርጥ የሚሉት የሲሚንቶ የእንጀራ ምድጃም ይገዛ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የተረፈው ኩበት ማሳው ላይ ይውላል፤ የእማዬም ሳል ከጢሱ መሆኑን አልጠራጠርም።

መስኮት በሚመለከት፣ በደቡብ በኩል ባለችው ትንሿ ላይ መስታወት ይግባባት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ ትገባለች። ሌላ መስኮት እንክፈት ብሎ ግንቡን የሚነካ አናጢ ከመጣ ግን እኔ ሳልደርስ አይጀምር፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ያለ ጠንካራ አግዳሚ ከተከፈተ ይናዳል።

ለፋሲካ እመጣለሁ። እስከዚያ ወንድሜ የቤቱን ርዝመትና ስፋት ከውስጥ በኩል በሜትር ለክቶ ይደውልልኝ፤ በክንድ እንዳይሆን፣ የእሱ ክንድና የእርስዎ ክንድ አይገጥምም። የኮምፔንሳቶውን ብዛት እኔ አስልቼ እነግረዋለሁ።

ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ጉልበትዎን ያስመርምሩ፤ ይህን ደግሞ በስልክም እደግመዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ