ዕለቱን በዕለቱ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ ጀምሯል፤ ገብሱ እሸት ላይ ስለሆነ እንዳይመታው እየሰጋን ነው። አባትሽ በጣም ናፍቀሽኛል በይልኝ ብሏል።

ባለፈው በስልክ ቀኑ ሁሉ ተመሳሰለብኝ፣ ሰኞን ከሐሙስ መለየት አቃተኝ ብለሽኝ ነበር። እንዳንቺ ጀርመን ሄዶ በሰው አገር ማስተርስ ለሚማር ሰው ያለ ነገር ነው። የክፍል ሰዓቱ ትንሽ ነው፣ የቀረው ቀን ሁሉ ላንቺ የተተወ ነው፤ የሚቀሰቅስሽ የለም፣ "በላሽ ወይ?" የሚልሽም የለም። እኔ ለዚህ የማውቀው መላ ዕለቱን በዕለቱ መጻፍ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ ግን መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው አጻጻፉን ስለሚስተው ነው።

ደብተርሽ ሁለት ይሁን። የቤተ ሙከራው ደብተር የሥራው ነው፤ ስትጨርሺ እዚያው ይቀራል፣ ማንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል። የኑሮሽ ደብተር የብቻሽ ነው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ካስረዘምሽው ሳምንት ሳይሞላ ይሰለችሻል። "ዛሬ ከፋኝ" ብለሽ ብትጽፊ ከወር በኋላ ምንም አይነግርሽም። "5 ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት፤ ቁርስም ምሳም አልበላሁም፤ ከቤት የወጣሁት ከመሸ በኋላ ነው፤ ከሱቁ ሻጭ በቀር ከሰው ጋር አላወራሁም" ብለሽ ከጻፍሽ ግን የከፋሽ ለምን እንደሆነ ራስሽ ታዪዋለሽ። ያወጣሽውን ዩሮ ከነሳንቲሙ፣ ያልገባሽን የጀርመንኛ ቃል ከሰማሽበት ዓረፍተ ነገር ጋር፣ የበላሽውን፣ ያገኘሽውን ሰው ስም አስፍሪ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው። የኛን ብቻ ከያዝሽ የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ ያመልጥሻል፤ የነሱን ብቻ ከያዝሽ ጾሙና በዓሉ ሳታውቂው ያልፋል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እነሱ ገናቸውን በታኅሣሥ 16 ሲያከብሩ አንቺ ገና ጾም ላይ ነሽ፣ ግብዣ ከጠሩሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ይውላል፣ ለነሱ የሥራ ቀን ነው። ሁዳዴ የካቲት 9 ሲገባ የፈተናው ወቅት ላይ ይገጥምሻል፤ የጾሙን ምግብ ከወዲሁ አስቢበት። ሰዓቱን ግን በነሱ ብቻ ጻፊ፤ 14:30 የተባለውን "8 ሰዓት ተኩል" ብለሽ ከመዘገብሽ አንድ ቀን መሳሳትሽ አይቀርም። ከሰዓቱ ጎን "ሲ.ቲ." የሚል ካየሽ ትምህርቱ የሚጀምረው 15 ደቂቃ አሳልፎ ነው፤ "ኤስ.ቲ." ከሆነ በሰዓቱ ነው። ከጥቅምት 16 ጀምሮ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ስለሚመለስ እስከ መጋቢት 20 በሁለት ሰዓት እንበልጣችኋለን፤ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ 18:00 ነው። እሑድ በዚያ ሰዓት እንጠብቅሻለን።

አሁን ወደ ክፍልሽ ልግባ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ ብርቁ አይደለም፤ የዚያ አገር ብርድ ግን ሌላ ነው። የኛ ደረቅ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ታሞቅሻለች። አንቺ ያለሽበት ከተማ፣ ጎቲንገን፣ ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት አይሞላም፣ ደመናው ሳይገለጥ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፣ አየሩም እርጥብ ነው። ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ግጥም ተደርጎ ስለሚሠራ እንፋሎቱ መውጫ የለውም። ስትተነፍሺ፣ ገላሽን ስትታጠቢ፣ ስትቀቅይ፣ ያጠብሽውን ልብስ ክፍል ውስጥ ስታሰጪ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ሻጋታ ያበቅላል። መጀመሪያ የሚታየው ከአልጋው ጀርባ ወይም ከቁም ሳጥኑ በስተኋላ፣ ጥጉ ላይ፣ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ነው። ትንፋሽ ይጎዳል፤ ቤቱን ስትለቂም ካስያዝሽው ገንዘብ ላይ ሊቆረጥብሽ ይችላል።

ጠዋት እንደተነሳሽ፣ ምግብ ከሠራሽ በኋላና ማታ ከመተኛትሽ በፊት፣ ማሞቂያውን ዘግተሽ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፈቺው፤ ከዚያ ዝጊና ማሞቂያውን መልሺ። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መተው የባሰ ነው፤ አየሩ በደንብ ሳይለወጥ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም እዚያው ይሰበሰባል። የማሞቂያው መዘውር ላይ 3 ማለት ወደ 20 ዲግሪ ነው። 5 ላይ ብታደርጊው ክፍሉ ከሚገባው በላይ እስኪሞቅ ይነዳል እንጂ ቶሎ አይሞቅልሽም። አልጋሽን ከውጩ ግድግዳ 10 ሳንቲሜትር ያህል አርቂው። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢና ቁጥሩን ደብተርሽ ላይ ያዢ፤ ከ60 በመቶ በላይ ከቆየ መስኮት መክፈቻው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ቀትር ላይ ደመናም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ውጪ ተራመጂ። ጠይም ቆዳ ያለው ሰው በዚያ ክረምት ቫይታሚን ዲ ሊያንሰው ስለሚችል ሐኪምሽን ጠይቂና አስለኪ።

እንጀራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በደንብ ሳትበዪ የሚጻፍም የሚጠናም ነገር የለምና። ለአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት አንድ ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውኃና ግማሽ ብርጭቆ እርሾ ያዢ። መጀመሪያ በአንድ ሊትሩ ጓል እስኪጠፋ ድረስ አሽተሽ አቡኪው፣ ቀሪውን ከላይ አፍስሽበት። ሲቦካ ስለሚነሳ ዕቃውን ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ከሆነ ሦስት ቀን፣ ማሞቂያው አጠገብ ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ማሞቂያው ላይ ግን አታስቀምጪው፣ ከሥሩ ብቻ ይሞቅና ይበላሻል። ቢጫው ውኃ ከላይ ሲጠል አንድ ብርጭቆ ለሚቀጥለው እርሾ በጠርሙስ አስቀሪና ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪው፤ ክዳኑን ግጥም አታድርጊ፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። የቀረውን ድፊው። ሮዝ ወይም ጥቁር ቀለም ያለው ነገር ካየሽ ምንም ሳታዝኚ ሁሉንም ጣዪው።

ከዚያ አብሲቱ። ከቡሆው አንድ ብርጭቆ ወስደሽ በሦስት ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰልሽ ጨምሪና እንደ ሙክ እስኪወፍር አብስዪው። እጅሽን ስትነክሪበት የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ወደ ቡሆው መልሺው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ትኩሱን ከገለበጥሽው እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ኩፍ ሲል ጋግሪ። የማያጣብቅ፣ ጠፍጣፋ፣ ክዳን ያለው መጥበሻ ይሁን፤ የመጥበሻው ሥር ከምድጃው ክብ ከሰፋ መሐሉ ይበስልና ዳሩ ይጣበቃል። ከዳር ወደ መሐል አዙረሽ አፍስሺ፣ ዓይኑ ሞልቶ ሲወጣ ክደኚ። ዓይን ከሌለው አፍለኛ ነው፣ ወይም አብሲቱ ትኩስ ነበር፣ ወይም መጥበሻው አልጋለም። ከሥሩ ጠቁሮ ከላዩ እርጥብ ከሆነ እሳቱ በዝቷል። ከተሰነጣጠቀ አብሲቱ አንሷል። በጣም ከጎመዘዘ ቆይቷል። የወጣውን ትኩስ በትኩስ አትደራርቢ፣ ይጣበቃል፤ ጨርቅ ላይ በየተራው ይቀዝቅዝ።

ይህን ሁሉ በየጊዜው መዝግቢው፦ ያቦካሽበትን ቀን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የውኃውን ልክ፣ ዓይኑ እንዴት እንደመጣ። የእናቶቻችን እጅ ልኩን የሚያውቀው በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ዓይነት ምጣድ ላይ ስለሚጋግሩ ነው፤ አንቺ በወር ሁለቴ ነው የምትጋግሪው፣ እጅሽ የሚረሳውን ደብተሩ ይያዝልሽ።

የክክና የሽንብራው ነገር ግን ይቀልሻል። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ዝቅ ስለሚል ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ እኔ እዚህ የማቆየውን ያህል ብትጠብቂ ምስሩ ይፈርስብሻል፤ ቶሎ ቶሎ ቅመሺው። ከሕንድ ሱቅ የምትገዢው የሽንብራ ዱቄት ሽሮ እንዳይመስልሽ፤ ጥሬ ነው። ሽታው እስኪለወጥ ድረስ በዝግታ እሳት በደረቁ አመስ አመስ አድርገሽ ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ከሠራሽው ለጾም ይሆናል። ቁሌት ስታቁላዪ የወጥ ቤቱን በር ዝጊ፣ መስኮቱን ክፈቺ፤ የጭስ መጠቆሚያው ከጮኸ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል። መጠቆሚያውን በላስቲክ መሸፈን ግን በፍጹም እንዳታስቢው።

ወረቀቱን ባጭሩ ልለፈው። ስምሽን በፖስታ ሳጥንሽ ላይ ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ለጥፊ፤ ስም የሌለበት ሳጥን ከሆነ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይመልሰዋል፣ የባንኩ የሚስጥር ቁጥርም የኢንሹራንሱ ካርድም የሚመጣው በፖስታ ነው። ክፍል ከቀየርሽ የመኖሪያ ምዝገባውን በ14 ቀን ውስጥ አድሺ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከማለቁ አስቀድመሽ ማመልከቻ አስገቢ፤ ቀጠሮ በቀላሉ አይገኝምና ሦስት ወር ሲቀረው ጀምሪ፣ ያመለከትሽበትንም ማስረጃ አስቀምጪ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ችላ አትበዪው፤ በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ ዝም ካልሽ ይጠራቀማል። አንድ ቤት የሚጋሩ ሰዎች የሚከፍሉት አንዴ ብቻ ስለሆነ ከቤት ጓደኞችሽ ጋር ተነጋገሩ። ሥራ ከያዝሽ ፈቃድሽ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፤ የሠራሽባቸውን ቀናት እዚያው ደብተርሽ ላይ ቁጠሪ። ለድንገተኛ ሕመምና ለእሳት 112፣ ለፖሊስ 110፣ ሌሊት ላይ ለማያጣድፍ ሕመም 116117።

ውጤቱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ እንዳትደነግጪ፤ 1.0 ከሁሉ የሚበልጠው ነው፣ 4.0 ማለፊያ ነው። ለፈተና ካልተመዘገብሽ ብታጠኚም አትፈተኚም፤ የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን ጻፊው። ከአማካሪሽ ጋር በተገናኛችሁ ቀን ማታውኑ ሦስት መስመር ላኪላቸው፦ የተስማማንበት ይህ ነው፣ እኔ እስከዚህ ቀን ይህን እሠራለሁ፣ ከእርስዎ የምጠብቀው ይህን ነው። ሰው አክብረን ዝም ማለት ለኛ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ያልጠየቀ ተማሪ ሁሉም የገባው ይመስላቸዋል። ያልገባሽን በአክብሮት ጠይቂ።

የጻፍሽውን ለሰው ማካፈል ብትፈልጊ ደስ ይለኛል። ነገ ከመንዝ ወይም ከሰላ ድንጋይ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ በአማርኛ የሚያነበው ነገር ብዙ የለውም። እሱን የሚጠቅመው የእንጀራሽ ፎቶ ብቻ አይደለም፤ የውኃው ልክ፣ ቀጠሮው የፈጀው ጊዜ፣ የከፈልሽው ዋጋ ነው፤ ደንብም ዋጋም ስለሚለወጥ የጻፍሽበትን ቀን አትርሺ። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማውጣት ሕጋቸው ይከለክላል፤ የጓደኛሽን ችግርም ስሙን ብትደብቂ እንኳ ሳይፈቅድ አትጻፊ፣ አበሾች ጥቂት ስለሆናችሁ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ያልታተመ የቤተ ሙከራ ውጤት አታውጪ፤ አስቀድሞ ይፋ ከሆነ ለፈጠራው ፓተንት ማግኘት አይቻልም። የመኖሪያ ፈቃድሽን ፎቶ፣ አድራሻሽን፣ ለጉዞ ክፍሉን ዘግተሽ የወጣሽበትን ቀንም አታሳዪ። በንዴት የጻፍሽውን አሳድሪው፤ ጠዋት አንብበሽ ካልጎረበጠሽ ላኪው። ዋናውን ቅጂ በኮምፒውተርሽም በሌላ ቦታም አስቀምጪ፣ ስልክ ይጠፋል።

በኅዳር ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ቆሎና ቡናሽን እሰጠዋለሁ። ቋንጣና ቅቤ አልክም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለሆነ ይወስዱበታል። ቅቤውን ጾሙ ሲፈታ እዚያው አንጥሪ፦ ጨው የሌለው አንድ ኪሎ ቅቤ በዝግታ እሳት አቅልጪ፣ አረፋውን እየገፈፍሽ ጣዪ፤ ከበሶብላው፣ ከኮሰረቱና ከተወቀጠው ኮረሪማ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከአብሹ ቁንጥር ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይው፣ ዝቃጩ ቡናማ ሲሆን አውጥተሽ አጥሊው። ቅመሙን ለየብቻ ቋጥሬ ስሙን ጽፌበታለሁ። ሌላ የጎደለሽ ካለ ሰውዬው ሳይነሳ እስከ ኅዳር 10 ጻፊልኝ።

እናትሽ