ፍም ሆኗል ማለት አይጨስም ማለት አይደለም

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጅማ አየር በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ አቧራ ነው። በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ልብሳችንን፣ ዕቃችንን፣ ጉሮሯችንን ይሞላልና ቅሬታው ልክ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ኬሚስትሪ በማስተማር የፈጀሁ ጡረተኛ ነኝ፤ በአቧራው ወሬ የተሸፈነ፣ ከአቧራው ይልቅ የሚያሠጋኝ ሌላ ነገር ስላለ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁላችሁ።

እኅቴ በመናኸሪያው አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የጀበና ቡና መሸጥ ከጀመረች 19 ዓመት ሆናት። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ዳገት መውጣት አቃታት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ ነበር። አላጨስም ስትለው ወዲያው ስለ ምድጃዋ ጠየቃት። የእርሷን ሕመም ይህ ብቻ አመጣው ብዬ አልፈርድም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እርሷ ቤት በርጩማ ስቤ ስቀመጥ ዓይኔ ከስኒው ይልቅ ምድጃው ላይ ያርፋል።

“ጋሼ፣ ከሰሉ እኮ ፍም ሆኗል፤ አይጨስም” ትለኛለች አብራት የምትሠራው ልጅ። ይህ የሁላችንም እምነት ነው። ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ሲያልቅለት ወደ ቤት ይገባል። ልማዱ መልካም ነው፤ ወፍራሙን ጭስ ደጅ ያስቀራል። ነገር ግን ከፍሙ፣ ከሚቆላው ቡና፣ ከዕጣኑም የሚወጣ፣ ዓይናችን ሊያየው የማይችል እጅግ ረቂቅ ብናኝ አለ። የእያንዳንዱ ቅንጣት ውፍረት ከ0.1 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ ይህም አንድ ሚሊሜትር ለ10 ሺሕ ቢከፈል ከሚገኘው ያነሰ ማለት ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ያህል ነው ብንል፣ በፀጉሩ ወርድ ላይ 700ና ከዚያ በላይ ቅንጣቶች ይደረደራሉ።

ለተማሪዎቼ አሠራቸው የነበረ አንድ ስሌት አለ። ውፍረቱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ አንድ የአቧራ ቅንጣት 0.1 ማይክሮሜትር ወደሚሆኑ ቅንጣቶች ቢፈጭ አንድ ሚሊዮን ይወጣዋል። ክብደቱ አይለወጥም፤ የገጹ ስፋት ግን 100 እጥፍ ይሆናል። ይህን ለጅማ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። የተቆላውን ቡና ሳትወቅጡ ጀበና ውስጥ ብትጨምሩት ቡና የሚባል ነገር አይወጣችሁም፤ ሲወቀጥና ሲልም ነው ያለውን ሁሉ ለውኃው የሚሰጠው። ብናኙም የተሸከመውን መርዝ ለሰውነታችን የሚያቀብለው በገጹ በኩል ነውና፣ በደቀቀ ቁጥር የሚያቀብልበት ገጽ ይበዛል።

የአየር ብክለት የሚለካው ደግሞ በአብዛኛው በክብደት ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም አለ እየተባለ። እነዚህ ቅንጣቶች በቁጥር ከሁሉ ይበልጣሉ፣ ሚዛን ላይ ግን ከቁም ነገር አይገቡም። ስለዚህ ሊታወቁ የሚችሉት አንድ በአንድ በሚቆጥር መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ገና ቁርጥ ያለ ገደብ አላስቀመጠላቸውም፤ ነገር ግን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ የቀኑ አማካይ ከ1,000 በታች ከሆነ ዝቅተኛ፣ ከ10,000 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ተብሎ እንዲያዝ መክሯል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የጣት ጫፍ ታክላለች።

ትልቁን አቧራ የአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ይይዘዋል፤ እናስነጥሰዋለን፣ በአክታ እናወጣዋለን። ረቂቁ እስከ ሳንባ የመጨረሻ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል፤ በዚያ ያለው ግድግዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ከፊሉ ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። የሳንባ ብቻ ሳይሆን የልብና የደም ሥር ሕመምም አብሮ የሚነሣው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቤልጂየም የተደረገ ጥናት የጥላሸት ቅንጣቶችን በእንግዴ ልጅ ውስጥ፣ በፅንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ አግኝቷል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያሉኝ ነፍሰ ጡር ሆነው ከምድጃ ሥር የማይነሡ ሴቶቻችን ናቸው። በነጠላ አፍንጫ መሸፈን ከዚህ አያድንም።

ከቡናው ቤት ወጥቼ ወደ መናኸሪያው ልሻገር። ገና ጎሕ ሳይቀድ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተራቸውን አስነሥተው ይቆማሉ። በዙሪያቸው ቆሎና ሙዝ የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ቁመታቸው ከጭስ ማውጫው ብዙም አይበልጥም። የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከተማችን ደግሞ በተራሮች መካከል የተኛች ናት፤ ከሕዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ጭሱን እላያችን ላይ ከድኖት ያነጋል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን እደግፋለሁ፤ ያሉት አሮጌ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ግን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ደግነቱ እጅግ ረቂቁ ብናኝ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ቶሎ ይሳሳል፤ ከመንገድ 100 ሜትር ያህል መራቅ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። እነዚያን ልጆች ራቅ አድርጎ ማስቀመጥና ሾፌሮች ቆመው ሳሉ ሞተር እንዲያጠፉ ማድረግ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ተቆጣጣሪ ይበቃዋል።

ቆሻሻ ማቃጠልንም ሳላነሣ አላልፍም። ሕዳር 12 ሰፈሩን ማጠናችን በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀውን የሕዳር በሽታ ለማባረር ነበር። የአባቶቻችንን አሳብ አከብራለሁ። እነርሱ ያቃጠሉት ግን ሣርና ቅጠል ነው፤ እኛ ፌስታል፣ የጫማ ሶልና ጎማ ጨምረንበታል፤ ይህንንም በሕዳር ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ በየአጥሩ ሥር እናደርገዋለን።

ወደ እኅቴ ቤት ልመለስ። ለምን በኤሌክትሪክ አትሠራም የሚል አንባቢ ይኖራል። በዚሁ በጅማ ዞን ውስጥ ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ብቻ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እኛ ግን መብራት ሲጠፋ እንግዳ ጥለን ስለማንነሣ ከሰል አይለየንም። ደግሞም ቡናው ራሱ ሲቆላ ብናኝ ያወጣል፤ ምድጃው ቢለወጥም ክፍሉ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እናውጣ ብለን አከራይዋን ለመንን፤ ግድግዳዬ አይነካም አሉን። ከተማው ለቡና ቤት ፈቃድ ሲሰጥ የጭስ መውጫ እንዲኖረው ቢያስገድድ፣ አከራይና ተከራይ በዚህ ባልተጣሉ ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎችም ብናኝ የሚቆጥር መሣሪያ ይዘው በየጀበና ቡና ቤቱና በመናኸሪያው ቢዞሩ፣ የክርክራችን መሠረት ግምት መሆኑ ይቀራል። የእኅቴ ቤት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ከዚያ ቢጀምሩ እርሷም እኔም ፈቃደኞች ነን።

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር
ከጅማ